ኩባንያው እውነተኛ ነው፤ የሚያወራችሁስ ሰው?

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በባንክ ሥራ ነው። በኛ ጊዜ የሚያስጨንቀን ፎርጅድ ቼክ ነበር፤ ፊርማውን ከናሙናው ጋር ደጋግመን እናስተያያለን፣ ካልተመቸን ባለቤቱ ጋ እንደውላለን። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና ልጠጣ ቁጭ ስል አንዱ ወጣት ወንበሩን ስቦ ይጠጋና፣ «ጋሼ፣ ይቺን ነገር እስቲ ይዩልኝ» ይላል፤ ስልኩን ያቀብለኛል። የማየው ብዙም አይለያይም። የታወቀ ባንክ ወይም የውጭ ኢንቨስትመንት ድርጅት ስም፣ አርማው፣ የፈቃድ ቁጥሩ፣ ከሥሩ ደግሞ «ቦታው እያለቀ ነው» የሚል ማስቸኮያ።

የዛሬ ልጅ ሳያጣራ ዘሎ ይገባል ሲሉ እሰማለሁ። አልቀበልም። ታጣራላችሁ እንጂ! ጎግል ላይ ትፈልጋላችሁ፣ ድርጅቱ አለ፤ ፈቃዱን ታያላችሁ፣ ትክክል ነው፤ አድራሻውም ትክክል ነው። ከዚያ ታቆማላችሁ፤ አጭበርባሪውም የሚፈልገው እዚያ ላይ እንድታቆሙ ነው። የሌለ ድርጅት ፈጥሮ መምጣት ለሱ አድካሚ ነው፤ ያለውን ስም ለብሶ ቢመጣ ይሻለዋል። ስለ ድርጅቱ ያገኛችሁት ሁሉ እውነት ይሆናል፣ የሚያወራችሁን ሰው ግን ድርጅቱ አያውቀውም።

አንዲት ጤና ጣቢያ የምትሠራ ልጅ ያሳየችኝን ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ ያገኘችው «የለንደን ድርጅት» ነው። ኤፍሲኤ የሚባለው የእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ፈቃድ የሰጣቸውን ድርጅቶች መዝገብ ማንም እንዲያየው ድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል፤ ከፍተን አየን፣ ቁጥሩ አለ፣ ስሙም አለ። ልጅቷ ፊቷ በራ። ዝቅ ብለን መዝገቡ ላይ ያለውን ስልክና የድረ ገጽ አድራሻ እሷ ከተላከላት ጋር ስናስተያየው ግን አይገጥምም፤ የሷ ሊንክ መሃል ላይ አንዲት ሰረዝና አንድ ቃል ተጨምሮበታል። ከዚያ ብሩ የሚገባበትን አካውንት አሳየችኝ። እዚሁ አገር ባለ ባንክ፣ በአንድ ግለሰብ ስም! የለንደን ድርጅት የጅማን ሰው ብር በአቶ እገሌ አካውንት የሚሰበስብበት ምን ምክንያት አለው? «ወኪላቸው ነው ብለውኛል» አለች። ይሉሻላ። ቀደም ብላ አንድ ሺህ ብር አስገብታ ከነትርፉ መልሰውላታል፤ ሃያ ሺህ ልትጨምር የተነሳችውም ለዚሁ ነው። ያቺ የተመለሰች ሺህ ብር ለነሱ የማስታወቂያ ወጪ ናት።

ኤፍሲኤ እንዲህ ስማቸው የተሰረቀባቸውን ድርጅቶች እየለየ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ባንክን፣ ኢንሹራንስንና ማይክሮ ፋይናንስን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። የአክሲዮን ግብይቱንና በኢንቨስትመንት አማካሪነት የሚሠሩትን ደግሞ በአዋጅ 1248/2013 የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ይቆጣጠራል፤ ፈቃድ የሚሰጠውም እሱ ነው። ፈቃድ መኖሩን ካያችሁ በኋላ የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው፤ ስልኩን ከተላከላችሁ መልእክት ላይ ሳይሆን ከተቆጣጣሪው ወይም ከድርጅቱ የራሱ ገጽ ወስዳችሁ ራሳችሁ ደውሉ። የአገር ውስጥ ባንክ ከሆነማ ምን ስልክ ያስፈልጋል? ጅማ ውስጥ ቅርንጫፉ አለ፤ ባጃጅ ይዛችሁ ሂዱና «ይህን እናንተ ናችሁ የምትሸጡት?» በሉ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ካላወቀች ሥራ አስኪያጁን ጠይቁ፤ ማንም አይቆጣችሁም።

እውነተኛ ዜና ሲኖር ደግሞ የበለጠ ንቁ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 አክሲዮኑን አንዱን በ300 ብር በቴሌብር በኩል ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ አክሲዮንና መሰል ሰነዶች የሚገበያዩበት የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው ተከፈተ። ሁለቱም ደግ ነገር ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን አክሲዮን የሚለው ቃል በየቤቱ ሲወራ፣ «ያለፈውን ዙር ላመለጣችሁ» ብሎ ለሚመጣ አስመሳይ ግማሹ ሥራ ተሠርቶለታል። ሽያጩ መከፈት አለመከፈቱን ከራሱ ከድርጅቱ ስሙ።

የስልክ መልእክቱንም አስተውሉ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። በ09 ከሚጀምር ተራ ቁጥር «ቴሌብር፦ ይህን ያህል ገቢ ሆኖልዎታል» የሚል ከደረሳችሁ አንድ ሰው በጣቱ ጽፎ የላከው ነው። ስክሪንሾትማ ማንም ይሠራዋል። ገባ የተባለውን ብር መተግበሪያውን ራሳችሁ ከፍታችሁ ቀሪ ሂሳቡ ላይ ካላያችሁት አልገባም። ፒን የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ደግሞ ስልኩን ዝጉት፤ ባንክ ፒን አይጠይቅም።

ሒሳብ ለሚወድ፦ በሳምንት 10 በመቶ የሚሉ አሉ። ትንሽ ይመስላል። 10 ሺህ ብር በዚያ ስሌት ትርፉ ሳይነካ ዓመት ቢቆይ ከ1.4 ሚሊዮን ብር ያልፋል። ብሔራዊ ባንክ ለዓመታት ያቆየው ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነው። እንዲህ የሚያተርፍ ነገር ያለው ሰው የናንተን 10 ሺህ ብር ምን ያደርግለታል? በፈረንጆቹ 1920 ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው ቦስተን ላይ በ45 ቀን 50 በመቶ እከፍላለሁ ብሎ ሕዝብ አሰለፈ፤ የፊተኛውን የሚከፍለው ከኋለኛው በሰበሰበው ነበር። ዛሬም የተለወጠው ወረፋው ቴሌግራም ላይ መሆኑ ነው።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ነገሩን ይዞ የሚመጣው የማታውቁት ሰው አይደለም፤ የዶርም ጓደኛችሁ ወይም ዕቁብ አብሯችሁ የሚጥል ጎረቤት ነው። እየዋሸም አይደለም። ከፍሎ ተከፍሎታል፣ ሰው ባመጣ ቁጥር ይጨመርልሃል ተብሏል። ስለዚህ ወዳጃችሁን ሌባ ሳታደርጉ እምቢ ማለት ልመዱ፦ «አንተን አምናለሁ፤ አንተ ያመንከውን ሰው ግን አላውቀውም»። ይከፋው ይሆናል። ይክፋው።

ብሩ ከገባ በኋላ ደግሞ «ትርፍዎን ለማውጣት መጀመሪያ ግብር ይክፈሉ» ይመጣል። የትርፍ ድርሻ ግብር ከሚደርሳችሁ ላይ ተቀንሶ ነው የሚቀረው፤ ግብር ብላችሁ ለድርጅቱ ሰው አዲስ ብር አትልኩም። ያንን ከከፈላችሁ የመድን፣ ቀጥሎ የማስለቀቂያ ይላሉ። ተስፋ ቆርጣችሁ ስትተዉት ደግሞ ሌላ ሰው «የተበላ ገንዘብ እናስመልሳለን» ብሎ ይደውላል። የተበላባችሁን ልክ እስከ ሳንቲሙ ሲነግራችሁ አትደነቁ፤ ስም ዝርዝራችሁን ያገኘው ከነሱ ነው፣ ወይም ራሳቸው ናቸው።

ብር ልካችሁ ከሆነ አትተኙበት። ንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ቴሌብር ከሆነ 127 ደውላችሁ የተላከበትን አካውንት አስመዝግቡ፤ ብሩ ከዚያ ሳይወጣ ከተደረሰበት የመታገድ ዕድል አለው። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ብዙዎቹ አፍረው ቻቱን ይሰርዙታል፤ እናንተ እንዳትሰርዙት። የአካውንት ቁጥሩ፣ የተላከበት ሰዓትና የአድሚኑ ስም ያለው እዚያ ነው፤ ፖሊስም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።