ተራራው እያለ ሙዚየም ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ! በሰመር ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሰሜን ካሊፎርኒያ ወዳለው ላሰን ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድ ነው። በማንዛኒታ ሐይቅ በኩል ሲገባ ሉሚስ የሚባል የድሮ ሙዚየም አለ አሉን። ባለቤቴ ግን «ተራራው ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ ለማየት ምን አስገባን?» ይላል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ባለቤትሽ አይቀየመኝና፣ አንቺ ነሽ። እንደውም ከተራራው በፊት ሙዚየሙ ግቡ።

ላሰን ዛሬ ሲያዩት ዝም ያለ ተራራ ነው። ሜይ 1914 ላይ ግን (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) መፈንዳት ጀመረ። ጁን 14 ቀን ቤንጃሚን ሉሚስ የሚባል የአካባቢው ሰው ካሜራውን ተክሎ አንዱን ፍንዳታ ከመነሻው ጀምሮ በተከታታይ አነሳው። ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል እዩዋቸው፤ መጀመሪያ ከአናቱ ጭስ ብጤ ይወጣል፣ ከዚያ እየወፈረ እየጠቆረ ይሄድና አመዱ ቁልቁል ይንከባለላል። ልጆቹ እዚህ ጋ ፈዘው ቢቀሩ አትቸኩሏቸው። ትልቁ ፍንዳታ የመጣው በዓመቱ፣ ሜይ 22 ቀን 1915 ነው። በ1916 ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ የሉሚስ ፎቶዎችም ለዚያ አግዘዋል።

ቤቱን ራሱን ሳታዩ እንዳትወጡ። ሉሚስና ሚስቱ በ1927 ከዚያው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያሠሩት ለሞተችው ልጃቸው ለሜይ መታሰቢያ ነው፤ በ1929 ደግሞ ከነመሬቱ ለፓርኩ ሰጡት። አጠገቡ ያለችው ትንሽ የድንጋይ ቤት የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ የነበረባት ናት።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ይህ ሙዚየም በ1970ዎቹ ተዘግቶ ነበር፣ ምክንያቱም ካዮስ ክራግስ የሚባሉት ከበላዩ ያሉ ገደላማ ጉብታዎች ይናዳሉ ተብሎ ተሰጋ። የከፈቱት በ1990ዎቹ ነው። ስጋቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ከ300 ዓመት በፊት ገደማ ከእነሱ የተናደ ድንጋይ ወንዙን ገድቦት ነው ማንዛኒታ ሐይቅ የተፈጠረው። በሐይቁ ዙሪያ ያለው መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ደልዳላ ስለሆነ ለልጆችም አይከብድም። ባለቤትሽም ተራራውን ከውሃው ማዶ እንደልቡ ያየዋል።

እውነቱን ለመናገር ሙዚየሙ ትንሽ ነው፣ አንድ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። የሚከፈተውም ሞቅ ባለው ወቅት ብቻ ነው። ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ደግሞ በበረዶ ምክንያት አንዳንድ ዓመት እስከ ጁን መጨረሻ፣ ከዚያም በላይ ተዘግቶ ይቆያል። ስለዚህ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ አይታችሁ መንገዱም ሙዚየሙም ክፍት መሆናቸውን አረጋግጡ።