ሱቅ ያለው የአያት ቤት፦ ልስኑ ለምን ይረግፋል?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ከአያቴ የወረስኩት የጭቃ ቤት አለኝ። ፊቱ ሱቅ ነው፤ በሩ ባለ አራት ተካፋች እንጨት። ግድግዳውን በሲሚንቶ ባስለስነው ከታች እየረገፈ ነው፤ የበሩ መቃንም እግሩ በስብሷል። አፍርሼ በብሎኬት ልሥራው?

መልስ፦ አያፍርሱት። ጥፋቱ የሲሚንቶው ነው እንጂ የጭቃው አይደለም። ጭቃ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት በፊቱ ያተናል፤ ሲሚንቶ መውጫውን ይዘጋበታል። ያኔ በግድግዳው ውስጥ ያሉት እንጨቶች፣ ቋሚውና ማገሩ፣ ሳይታዩ ይበሰብሳሉ። በደሴ ክረምት ደግሞ ከጣሪያ ወርዶ የሚፈናጠረው ውሃ ይጨመርበታል፤ ስለዚህ አሸንዳው ይቅደም።

ሥራውን ከጥቅምት በኋላ ይጀምሩ። ሲሚንቶውን ከታች እስከ 1 ሜትር በመሮ ቀስ ብለው ያንሱና ግድግዳው ለሳምንታት ይድረቅ። ቋሚዎቹን በቢላዋ ይውጉ፤ በቀላሉ ጠልቆ ከገባ በስብሷል። ጣሪያውን ሳይደግፉ ግን አንድም ቋሚ አይቁረጡ፤ ቤት የሚዘመው እዚህ ላይ ነው። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው እንጨት ቆርጠው፣ አዲሱን እግር ቀጥለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያሳርፉት እንጂ አፈር ውስጥ አይቅበሩት። መቃኑም እንዲሁ።

የምርጊቱን ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጠው፣ ውሃ እየጨመሩ ቢያንስ 1 ሳምንት ያብላሉት። አንዱ ንብርብር ከ2 ሴንቲ ሜትር አይወፍር፤ ከወፈረ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማጠናቀቂያው ኖራ ይሁን፤ ፕላስቲክ ቀለም የሲሚንቶውን ጥፋት ይደግመዋል።

በሩንስ? አናጢዎች በላሜራ ቀይሩት ይላሉ፤ አይስሟቸው። ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው የታችኛው ሳንቃ ብቻ ነው፤ እሱን ያስቀይሩ።