ጭላት ክንፉን ሳያርገበግብ እንዴት ይንሳፈፋል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። በሥጋ ተራው ላይ የሚያንዣብቡት ጭላቶች እኩለ ቀን ላይ ክንፋቸውን አንዴም ሳያርገበግቡ ለረጅም ጊዜ ሲዞሩ አያለሁ። ጉልበቱን ከየት ያገኙታል?

መልስ፦ ከፀሐይ ነው። የከተማው ግንብና የቆርቆሮ ጣሪያ ሲግል በላዩ ያለው አየር ይሞቃል፣ ስለሚቀልም ሽቅብ ይወጣል። ጭላቱ በእርግጥ ያለማቋረጥ ቁልቁል እየተንሸራተተ ነው፤ ነገር ግን የተሸከመው አየር እርሱ ከሚወርድበት ፍጥነት በላቀ ፍጥነት ስለሚወጣ ከፍታው ይጨምራል። ክብ እየሠራ የሚዞረውም ከዚህ ጠባብ የሙቅ አየር ዓምድ እንዳይወጣ ነው። በማለዳ፣ ምድሩ ገና ሳይሞቅ፣ እርሱም እንደ ርግብ ክንፉን ማርገብገብ ግድ ይሆንበታል።

ክንፉን የሚያነሣው ምንድን ነው ቢሉ፣ ጎበጥና ከፊት ቀና ያለው ክንፍ አየሩን ወደ ታች ሲገፋ አየሩም በአጸፋው ክንፉን ወደ ላይ መግፋቱ ነው። በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል የሚለው የተለመደ ማብራሪያ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ጭምር ቢደጋገምም፣ ስሕተት ነው።

ጭላቱ ዝቅ ሲል ጅራቱን ይመልከቱ። መካከሉ ገባ ያለው ያ ጅራት እንደ መሪ ወዲያና ወዲህ ይጠማዘዛል፤ የክንፉ ጫፍ ላባዎችም እንደ ጣት ተለያይተው በጫፉ ላይ የሚፈጠረውን የአየር ሽክርክሪት ያዳክማሉ። ከዚያ ክንፉን አጠፍ አድርጎ ይወረወርና ሥጋውን በእግሩ መንትፎ እዚያው በአየር ላይ ይበላዋል።