መልስ፦ እጄ ስኳሩን ለምን ራሱ ይጨምረዋል?

«ስኳር ለመተው ወስኜ፣ ፒያሳ ማኪያቶ ሲቀርብልኝ እጄ ሳላውቀው ሁለት ማንኪያ ይጨምራል፤ ድብቁ አእምሮዬ እየተቃወመኝ ነው?» ላልሽው፦

የሚቃወምሽ የለም። ውሳኔውን የያዘው ንቁው አእምሮሽ በዚያ ሰዓት በካፌው ወሬ ተይዟል፤ እጅሽን የሚመራው ልማድ ነው። የተደጋገመ ድርጊት ቤዛል ጋንግሊያ ለሚባለው የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ይተላለፍና ሲኒው ገና ሲታይ ይነሳል። ፉከራ እዚህ ላይ አይሠራም። ቀስቃሹን አርቂው፦ ስታዢ «ያለ ስኳር» በይ፣ ማስቀመጫውንም ከጠረጴዛው አስነሺ። «አልጨምርም» ማለት ስኳሩን ያስታውስሻል፤ «ሲኒው ሲቀርብ መጀመሪያ አንዴ ፉት እላለሁ» የሚል ዕቅድ ይሻላል። ለንደን ውስጥ በ96 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት አዲስ ልማድ ለመጽናት ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚፈጅ ተገምቷል፤ መካከለኛው 66 ነው (ልማድ በ21 ቀን ይያዛል የሚለው ወሬ ይቅርብሽ)። አንድ ቀን ብትስቺ አይፈርስም። ሲደክምሽና ስትጨነቂ ግን የድሮው ይመለሳል፤ ያን ቀን ሌላ ካፌ ግቢ።