ጎረቤትና ገበታ በፈረንሳይ ገጠር

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ እኔና ባለቤቴ ከፓሪስ ወጥተን በኦት-ሏር አውራጃ፣ ከለ ፑይ አን ቨሌ ከተማ ብዙም በማትርቅ መንደር ቤት ተከራይተን መኖር ጀምረናል። የመንደሩ ሰው ጨዋ ቢሆንም ከሰላምታ አልፎ የቀረበን የለም። የአካባቢውን ምግብ ለማወቅ እንጓጓለን፤ ነገር ግን ጿሚዎች ነን፣ የአሳማ ሥጋም አንበላም። ከየት ብንጀምር ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱን ጉዳዮች አብረው ማንሳትዎ ተገቢ ነው፤ በእርስዎ አካባቢ ምግቡን የሚያመርተውና ጎረቤት የሚሆንዎት ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነውና። ስለዚህ ከምግብ ቤት ይልቅ ከገበያ እንዲጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በለ ፑይ በሚቆመው ገበያ አይብና አትክልት ከሚሸጡት መካከል ራሳቸው ያመረቱት ገበሬዎች ስለሚገኙ፣ ከአንዱ ዘንድ ደጋግመው ቢገዙና ስለ አሠራሩ ቢጠይቁ ጨዋታ ይጀመራል። «ቦንዡር» ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት ግን እንደ ነውር ይቆጠራል። ወደ መንደሩ ማዘጋጃ ቤትም ሄደው ራሳችሁን አስተዋውቁ፤ በአካባቢው ያሉትን የእግር ጉዞ፣ የመዝሙርና የአትክልት ማኅበራት የሚጠቁምዎት እርሱ ነው።

ጎረቤት ሲጋብዙ በእራት አይጀምሩ። ፈረንሳዮች «አፔሮ» የሚሉት፣ ከእራት በፊት መጠጥና ቀላል መክሰስ የሚቀርብበት ግብዣ ለጋባዡም ለተጋባዡም ሸክም የለውም።

ስለ ምግቡ፣ ጾሙ የሚያሳስብዎትን ያህል አያግድዎትም። የለ ፑይ አረንጓዴ ምስር በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ የሚበቅል፣ ልጣጩ ስስ የሆነ፣ ሳይዘፈዘፍ በግማሽ ሰዓት ገደማ የሚበስል እህል ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ በመሆኑ ሌላ ቦታ የበቀለ ምስር በዚህ ስም አይሸጥም። ከካሮት፣ ከሽንኩርትና ከጦስኝ ጋር ቀቅለው፣ ገና ለብ እንዳለ በዘይት፣ በኮምጣጤና በሰናፍጭ ቢያሹት ሙሉ የጾም ምግብ ይሆናል። በምግብ ቤት ሲያዙት ግን ይጠንቀቁ፤ የአገሬው ልማድ ከጨው ከገባ የአሳማ ሥጋ ጋር ማብሰል ነው፣ ሰላጣውም ላይ «ላርዶን» የሚባል የተከተፈ የአሳማ ሥጋ ብዙ ጊዜ ይጨመራል። ከድንችና ከለጋ አይብ የሚሠራው «ትሩፋድ» እንኳ ከዚህ አያመልጥም። «ሳን ፖር»፣ ማለትም ያለ አሳማ፣ ብለው አስቀድመው መንገር አያሳፍርም፤ ሳይነግሩ ቀርቶ የጎረቤትን ሳህን ሳይነኩ መመለስ ይብሳል።

ከጾም ውጭ አይቡን ያለ ስስት ይቅመሱት። ሰማያዊ ሻጋታ ላለው አይብ አዲስ ከሆኑ ከሮክፎር በፊት ለስላሳውን ፉርም ዳምቤር ይሞክሩ። ሳን-ኔክቴር የተባለውን አይብ ሲገዙ ደግሞ ቅርፊቱ ላይ ያለውን አረንጓዴ ምልክት ይመልከቱ፤ ሞላላ ከሆነ በእርሻው ላይ፣ አራት ማዕዘን ከሆነ በፋብሪካ የተሠራ ነው። እኔ ሞላላውን እመርጣለሁ። ሳለር የተባለው የካንታል ተራሮች አይብ ከሚያዝያ 15 እስከ ኅዳር 15 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ላሞቹ በግጦሽ ላይ ሳሉ ብቻ ይሠራል። እነዚህ የእርሻ አይቦች የሚሠሩት ካልፈላ ጥሬ ወተት ስለሆነ፣ ከቤተሰቡ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ልጅ ካለ «ኦ ሌ ክሩ»፣ ማለትም ከጥሬ ወተት፣ የሚል ጽሑፍ ያለበትን አይስጡ።