መቅኔ ለሰጣችሁና ልትሰጡ ላሰባችሁ፦ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ለወንድሜ ስቴም ሴል ልሰጥ ነው። የምወጋው መርፌ ቆይቶ ካንሰር ያመጣብኛል?

አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ይህንኑ ነው። መርፌው ፊልግራስቲም ይባላል። ለ4 ወይም ለ5 ቀን ይወጉትና ደም የሚፈጥሩትን ስቴም ሴሎች ከመቅኔ ወደ ደም ያስወጣል። ለጋሾችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ከሌላው ሰው የበለጠ በደም ካንሰር ሲያዙ አላገኙም። ግን አንድ ነገር አለ። የደም ካንሰር ታማሚ ወንድም ወይም እህት፣ ባይለግስም፣ በዘር ምክንያት ስጋቱ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ኋላ ቢታመም ሁሉም ጣቱን መርፌው ላይ ይቀስራል።

በነዚያ ቀናት አጥንትህን ይቆረጥምሃል፣ ራስህን ያምሃል። ሴሉ ከተሰበሰበ በኋላ ይለቅሃል። ጣፊያም ያብጣል። መፈንዳቱ እጅግ ብርቅ ነው፤ ሆኖም በግራ ጎንህ ወይም በግራ ትከሻህ ኃይለኛ ሕመም ከተሰማህ አትጠብቅ፣ ወዲያው ሐኪም ጋ ሂድ።

ከጀርባ አጥንቴ ቢወስዱ ሽባ አልሆንም?

ኧረ በፍጹም! ይህ ወሬ መቼ እንደሚሞት እንጃ። ከደም ሳይሆን መቅኔው ራሱ ሲለገስ የሚቀዳው ከዳሌ አጥንት ነው፣ ያውም በማደንዘዣ። ኅብለ ሰረሰር አይነካም። ለጥቂት ቀናት ወገብ ያማል፤ የተወሰደው መቅኔ በሳምንታት ውስጥ ይተካል።

እናትና አባታችን አንድ ናቸው። ለምን አልገጠምንም?

መግጠም ያለበት የሰውነት ሴሎች መለያ ነው፤ ከእያንዳንዱ ወላጅ ግማሹን ስለምንወርስ፣ ከአንድ ወንድም ወይም እህት ጋር ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። አሁን ግን በግማሽ ከሚገጥም ዘመድም ይሠራል።

ለእህቴ ሰጠኋት። አራት ወር ሆናት፤ ቆዳዋ ሽፍታ ሞልቷል፣ ተቅማጥ አለቀቃትም። የኔ ሴል ነው ይላሉ። እንቅልፍ አጣሁ።

እውነት ነው፣ ያንቺ ሴል ነው። ግን ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ከአንቺ የሄዱት የመከላከያ ሴሎች ሰውነቷን እንደ ባዕድ ቆጥረውት ነው። ሙሉ በሙሉ በገጠሙ እህትማማቾችም ላይ ይደርሳል። ሐኪሞቿ በስቴሮይድና በሌሎች መድኃኒቶች ሊያበርዱት ይሞክራሉ። አንዳንዴ ይከብዳል፣ ላይሳካም ይችላል፤ አልዋሽሽም። ደግሞ እነዚያው ሴሎች ናቸው ተደብቆ የቀረውን የካንሰር ሴል እየፈለጉ የሚገድሉት። ቀለል ያለ ምልክት የታየባቸው ታማሚዎች በሽታው የሚያገረሽባቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አንቺ ሴሉን ሰጠሽ፤ እዚያ ሄዶ የሚሠራውን ማዘዝ አትችዪም። ይህን ለሐኪሟም ንገሪው፤ የለጋሽ ጭንቀት ለእነሱ አዲስ አይደለም።

የደም ዓይነቷስ ይቀየራል?

ይቀየራል። እሷ ኦ፣ አንቺ ኤ ከሆንሽ ቀስ በቀስ ኤ ትሆናለች። የልጅነት ክትባቶቿንም እንደገና ትከተባለች።