ሳይኮሎጂ ልማር ወይስ ዕዳው ይብሳል? ለጠየቀችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቀበና ከቤተሰብሽ ጋር ነው የምትኖሪው። ሳይኮሎጂ መማር ትፈልጊያለሽ። አሜሪካ ያለው አጎትሽ ግን «በዕዳ ተዘፍቀሽ ሥራ ታጫለሽ» ብሎ አስፈራራሽ። ከታች አስተያየት ከሰጡት ደግሞ ግማሾቹ «ኮስት ሼሪንግ ምንም አይደለም» ብለውሻል፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተማርሽበት ወጪ ተጋርተሽ ሥራ ስትይዢ የምትከፍይውን ዕዳ ማለታቸው ነው። እኔ ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳይኮሎጂ ተምሬ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ትምህርት ቤት ካውንስለር ነበርኩ። ኋላም ኤንጂኦ ገባሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

የአጎትሽ ስጋት የዚያ አገር ነው። እዚያ ብድሩ ከነወለዱ ነው የሚከፈለው። እኛ ጋ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድበሽ ስትማሪ ደንቡ የሚለው ይህን ነው፦ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ተማሪው ይጋራል። ስትቀጠሪ አሠሪሽ ከወር ገቢሽ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ያስገባል። ገቢ ከሌለሽ የሚቆረጥ የለም።

«ምንም አይደለም» ያሉሽም በኛ ጊዜ ቢሆን ልክ ነበሩ። ያኔ የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚታሰበው በ15 ብር ነበር። ኋላ 22 ሆነ። አሁን 100 ብር ገብቷል። በዓመት አሥር ወር ግቢ ብትበይ 30,000 ብር፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ማለት ነው። ዶርሙና ትምህርቱ ገና አልተጨመረም። የግቢውን ካፌ (የተማሪዎች ምግብ ቤት) ሽሮ ለሚያውቅ ሰው 120,000 ብር ያስቃል፤ ግን ሒሳቡ ይኸው ነው።

ስለዚህ አንቺን የሚያድንሽ ቀበና መኖርሽ ነው። ስድስት ኪሎ ገብተሽ ከቤት ከተመላለስሽ፣ ካፌም ዶርምም ካልተጠቀምሽ፣ የሚኖርብሽ ዕዳ የትምህርቱ ድርሻ ብቻ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ልጅ ይሸወዳል። ኖን ካፌ ሆነሽ፣ ማለትም ካፌ መብላቱን ትተሽ፣ በምግቡ ፈንታ በየወሩ የምትቀበይው ብርም ዕዳ ነው። ለታክሲና ለኮፒ ከቤት የሚሰጥሽ ከሌለ ተቀበይ፣ ችግር የለውም። ስልክ ለመቀየር ከሆነ ግን ይቅርብሽ። ደግሞ በየዓመቱ ውል ትፈርሚያለሽ። የምትወስጂው አገልግሎት እዚያ ላይ ነው የሚሞላው። አንብበሽ ፈርሚ፣ ኮፒውንም ያዢ። ስትመረቂ ያልተኛሽበት ዶርም እንዳይቆጠርብሽ።

አሁን ወደ ደመወዙ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ መንግሥት ለዲግሪ ተመራቂ የሚከፍለው መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ደስ አይበልሽ፣ ቆይ። ከ11,500 ላይ የገቢ ግብር 2,100 ይሄዳል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 805። ኮስት ሼሪንግ 10 በመቶ፣ 1,150። እጅሽ የሚገባው 7,445 ብር ነው። በዚህ ብር መሀል ከተማ ቤት ተከራይቶ መኖር አይታሰብም። ከእናትሽ ጋር እየኖርሽ ግን ትንቀሳቀሻለሽ። በወር 1,150 እየተቆረጠ ያንን የምግብ 120,000 ብቻ ለመጨረስ ስምንት ዓመት ከምናምን ይፈጃል። ካፌ አለመብላት የሚያተርፍልሽ ይህንን ነው።

ሥራውስ? እውነቱን ልንገርሽ፣ «ሳይኮሎጂ» ብቻ ብሎ የሚወጣ ማስታወቂያ ጥቂት ነው። አብዛኛው «ወይም ተዛማጅ» ይላል፤ ከሶሲዮሎጂና ከሶሻል ወርክ ልጆች ጋር ትጋፊያለሽ። የሰው ሀብት ክፍል ጥሩ መግቢያ ነው። የግል ትምህርት ቤትም ይቀጥራል። ግን ካውንስለር ተብለሽ ትገቢና ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመሽ አርፋጅ ስትመዘግቢ ትገኛለሽ። እኔ የሠራሁበት ቦታ አንድ ልጅ ስታለቅስ ይዣት የማወራበት ክፍል አልነበረም። መጻሕፍት መደርደሪያው ጀርባ ነበር የምንቀመጠው። ስትቀጠሪ «የራሴ ክፍል አለኝ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከደመወዙ እኩል ነው የማየው። ኤንጂኦ የተሻለ ይከፍላል። ፊልድ መውጣት አለ፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ደግሞ ኮንትራትሽም አብሮ ይዘጋል።

ቁጭ ብለሽ ሰው ማከም ከሆነ ህልምሽ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ አይበቃም። ማስተርስ ያስፈልግሻል። እዚህ ላይ ዕዳው ዞሮ ይመጣል። በቴምፖ (በጊዜያዊው የምረቃ ወረቀት) ሥራ ትቀጠሪያለሽ፤ ኦርጅናል ዲግሪሽና ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽ ግን ኮስት ሼሪንጉ ካልተከፈለ አይለቀቅልሽም። ውጭ አገር ስኮላርሺፕ የመጣላት ጓደኛዬ ቀሪውን በአንዴ ለመክፈል ዕቁቧን ለምና አስቀድማ ነው የወሰደችው። ዕዳሽ ትንሽ ከሆነ ይህ ጣጣ ይቀልልሻል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባትገቢስ? ክፍለ ሀገር መሄድ ካፌና ዶርም ነው፣ ዕዳው ይከብዳል። እኔ ብሆን ግን እሄዳለሁ። የሚቆረጥብኝ ገቢ ሲኖረኝ ነው። የግል ኮሌጅ ክፍያ ሥራ አገኘሽ አላገኘሽ አስቀድሞ ከኪስ ይወጣል። አባትሽ ከዘመድ ተበድሮ ለሳይኮሎጂ ግል ኮሌጅ እንዲከፍልልሽ አልመክርም። የሚከፈለው ከቤቱ ትርፍ ላይ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

መውጫ ፈተናውን ካላለፍሽ ዲግሪ እንደማይሰጥሽም አትርሺ። በይ እንግዲህ፣ አሁን መወሰን ያለብሽ ብዙ አይደለም። መጀመሪያ ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት) ትማሪያለሽ፣ ዲፓርትመንት የምትመርጪው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ከዲፓርትመንቱ የተመረቁ ሁለት ሦስት ልጆች ፈልገሽ የደመወዝ ወረቀታቸውን እንዲያሳዩሽ ጠይቂያቸው። እኔንም በውስጥ መስመር ብትጽፊልኝ የእኔን አሳይሻለሁ።